ፒኮሎ ስትገዙ እንጨቱን መጨረሻ ላይ ምረጡ

ፒኮሎ ልትገዙ ነው እንበል። ካታሎግ ስትከፍቱ የእንጨት ስም ይደረደርላችኋል፦ ግሬናዲላ፣ ኪንግውድ፣ ሞፓኔ፣ ኮኮቦሎ፣ ሮዝውድ። አንዱ «ሞቅ ያለ»፣ ሌላው «ጥርት ያለ» ድምፅ አለው ይላሉ። ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ሻጩን ብትጠይቁት ያንኑ ይደግምላችኋል። እንጨቱ ወሳኝ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ወሳኝ የሚያደርገው ከድምፁ ይልቅ መሰንጠቁ፣ ቆዳችሁና የምትኖሩበት አየር ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ የት እንደምትጫወቱ፣ ቀጥሎ የራሷ ክፍል (መንፊያው ያለበት የላይኛው ክፍል) እንዴት እንደተሠራ፣ የእንጨቱ ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለማታውቋት፦ ፒኮሎ ከፍሉት (ወደ ጎን ተይዞ ከሚነፋው የምዕራባውያን ዋሽንት) ግማሽ ያህል ርዝመት ያላት፣ 32 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች፣ ከፍሉት አንድ ኦክቴቭ፣ ማለትም ስምንት የድምፅ ደረጃ፣ ከፍ ብላ የምትሰማ መሣሪያ ናት። መደበቂያ የላትም። ሙሉ ኦርኬስትራ እየተጫወተ እንኳ አንዲት ፒኮሎ ብቻዋን ጎልታ ትወጣለች፤ ተጫዋቾቹም ጩኸቷን የሚያለዝብ ነገር ፍለጋ ዕድሜ ልካቸውን የሚንከራተቱት ለዚህ ነው። የእንጨት ወሬ የበዛውም ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል።

ለመሆኑ እንጨት ያስፈልጋችኋል?

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ልጃችሁ የትምህርት ቤት ማርሺንግ ባንድ (እየተራመደ የሚጫወት ባንድ) ውስጥ የገባች ወላጆች፣ መልሱ አጭር ነው፦ አያስፈልጋችሁም። ባንዱ ሜዳ ላይ ነው የሚጫወተው። ነሐሴ ላይ ፀሐይ፣ ኅዳር ላይ ብርድ፣ መሀል ላይ ዝናብ። እንዲህ ባለ ቦታ የእንጨት ፒኮሎ ይዞ መውጣት ብር ማቃጠል ነው። ለዚህ የተሠሩ የፕላስቲክ ፒኮሎዎች አሉ። ያማሃ ዋይፒሲ 32 ሰውነቷ ኤቢኤስ ፕላስቲክ፣ ራሷ ደግሞ በብር የተለበጠ ብረት ነው። ፐርል ፒኤፍፒ 105 የምትባለው ደግሞ እንጨት በሚመስል ሰው ሠራሽ ቁስ ተሠርታለች። ሁለቱም በብርድ አይሰነጠቁም። የውስጥ ቱቧቸውም እንደ እንጨቶቹ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ ድምፃቸው ጆሮ የሚበሳ አይደለም። ፕላስቲክ ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ብዙ ባለሙያዎች ዋናዋን ቤት ትተው ለውጪ ሥራ እንዲህ ያለች ይዘው ይወጣሉ።

ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠሩም አሉ። ለሜዳ ጥሩ ናቸው፣ ይሰማሉ። አዳራሽ ውስጥ ግን አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ታሰቃያላችሁ። ይህን አልፌዋለሁ።

እንጨት የሚያስፈልገው ቤት ውስጥ፣ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ለሚጫወት ሰው ነው፦ ኦርኬስትራ፣ የንፋስ መሣሪያዎች ስብስብ፣ ትንሽ የክፍል ሙዚቃ ቡድን። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ትዕግስት ነው። ከተጫወቱ በኋላ ለመጥረግ ሁለት ደቂቃ የማይሰጥ ሰው እንጨት ባይገዛ ይሻለዋል።

ድምፁን የሚሰጠው እንጨቱ ነው ወይ?

ብዙ ሰው ቅር የሚሰኝበት ጉዳይ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጥናቱን ያሳተመው ጆን ኮልትማን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው ሦስት ፍሉቶች አዘጋጀ። ቁልፍ የላቸውም፣ የውስጥ ልካቸው አንድ ነው፣ የሚነፋበት የራስ ክፍልም ተመሳሳይ ነው። የሚለያዩት በሰውነታቸው ብቻ ነው፦ አንዱ ስስ ብር፣ አንዱ ወፍራም መዳብ፣ አንዱ እንጨት። አድማጮች መሣሪያውን ሳያዩ አዳመጡ፤ መለየት አልቻሉም። ተጫዋቾቹም የትኛውን እንደያዙ እንዳያውቁ ተደርገው ነፉ፤ እነሱም አልቻሉም።

ነገሩ ያን ያህል አያስገርምም። በፍሉትና በፒኮሎ ውስጥ ድምፅ የሚሆነው የሚርገበገበው አየር ነው፣ ግድግዳው አይደለም። ግድግዳው ጠንካራ፣ አየር የማያሳልፍ፣ ውስጡም ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ከምን እንደተሠራ አየሩ ግድ የለውም። የራሳችንን ዋሽንት አስቡት፦ ሸምበቆም ሆነ የብረት ቱቦ፣ ዋሽንት መሆኑን ማንም አይስትም።

ታዲያ አንዷ ፒኮሎ ከሌላዋ ለምን ትለያለች? በዋናነት የመንፊያው ቀዳዳ ነው። የቀዳዳው ስፋት፣ የጠርዙ ስለት፣ ከሥር የተፈለፈለበት መጠን፣ ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ ቅርጽ። እዚህ ላይ የሚሊሜትር ሽርፍራፊ ድምፁን ይቀይረዋል። ቀጥሎ ቱቦው እንዴት እየጠበበ እንደሚሄድና የጣት ቀዳዳዎቹ ጠርዝ። እንጨቱ የሚገባው በዚህ በር ነው። ጥቅጥቅ ያለና በተፈጥሮው ቅባት ያለው እንጨት ስለታም ጠርዝ ይይዛል፣ ውስጡ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ከዓመታት በኋላም ቅርጹን አይለቅም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውና ሳሳ ያለው እንጨት ጠርዙ ይደክማል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ ክብ የነበረው ቱቦ ሞላላ ይሆናል። ያኔ ድምፁም ቅኝቱም ይበላሻል። ስለዚህ «ይህ እንጨት ጥሩ ድምፅ አለው» ሲሏችሁ «ይህ እንጨት የሠሪውን ሥራ ሳያበላሽ ያቆያል» ብላችሁ ስሙት።

እጅ ላይ ያለው ስሜት ግን እውነተኛ ልዩነት ነው። ክብደቱ ይለያያል፣ ከንፈር ላይ ያለው ሙቀት ይለያያል፣ ተመችቶት የሚነፋ ሰው ደግሞ የተሻለ ይነፋል። ለዚህ ስትሉ ብትከፍሉ አልፈርድባችሁም። አድማጩ ይሰማዋል ብላችሁ ግን አትክፈሉ።

እንጨቶቹ

ግሬናዲላ ከሁሉም ይቀድማል፣ ምክንያትም አለው። ሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን ነው። በስዋሂሊ ምፒንጎ ይሉታል፣ የታንዛኒያ ብሔራዊ ዛፍ ነው፣ ለገበያ የሚቀርበውም በብዛት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው። በእኛም አገር ደረቅ ቆላ፣ በተለይ በሰሜን ምዕራቡ ጫካ ይበቅላል። ስታዩት ዛፍ ብላችሁ ላትቆጥሩት ትችላላችሁ፦ አጭር፣ ጠማማ፣ እሾሃም፣ ግንዱም ብዙ ጊዜ ከሥሩ የተከፋፈለ። ለመሣሪያ እስኪደርስ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ውጪው ቢጫ ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ነው፣ ውስጡ ሐምራዊ የሚያወጣ ጥቁር። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ ከ1.2 እስከ 1.3 ግራም ይመዝናል፤ ማለትም ውኃ ላይ ብትጥሉት ይሰምጣል። ክላሪኔቱም ኦቦውም የስኮትላንዱ ባግፓይፕም ከዚሁ ነው የሚሠራው።

ግንዱ ጠማማና ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ ከተቆረጠው ውስጥ ለመሣሪያ የሚሆነው ትንሹ ክፍል ነው። የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከየት እንደተቆረጠ ለሚያሳስባችሁ፣ በደቡብ ታንዛኒያ ኪልዋ ወረዳ ያሉ መንደሮች ደናቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ደን በአግባቡ መያዙን የሚያረጋግጠውን የኤፍኤስሲ የምስክር ወረቀት አግኝተዋል። ሠሪውን «እንጨትህ ከየት ነው?» ማለት ነውር አይደለም። ጥሩ ሠሪ ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

ለመጀመሪያ የእንጨት ፒኮሎ ምን ልግዛ ለሚለኝ መልሴ ግሬናዲላ ነው። አሰልቺ መልስ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጠጋኙ ያውቀዋል፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ስትሸጡትም ገዢ አታጡም።

ሞፓኔ ከግሬናዲላ ቀጥሎ የማየው ነው። ቀላ ያለ ቡናማ፣ ከደቡባዊ አፍሪካ፦ ዚምባብዌ፣ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ። ክብደቱ ከግሬናዲላ ትንሽ ይቀላል፣ ጥንካሬው አያሳፍርም። ግሬናዲላ ያለበት የዳልበርጂያ ወገን ስላልሆነ በኋላ የምነግራችሁ የወረቀት ጣጣ የለበትም። በመልክ ረገድ ደግሞ፣ እንደኔ፣ ከጥቁሩ ያምራል።

ኪንግውድ፣ ኮኮቦሎና የተለያዩት ሮዝውዶች የዳልበርጂያ ወገን ናቸው። መስመራቸው ዓይን ይስባል፣ ዋጋቸውም እንደዚያው። ጥሩ ሠሪ እጅ ከገቡ ጥሩ ፒኮሎ ይሆናሉ፤ የአለርጂውን ነገር ግን ከታች አንብቡ።

ኢቦኒ፣ ማለትም ዞጲ፣ ብዙ ሻጭ ከግሬናዲላ ጋር የሚያምታታው ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ። አንድ አይደሉም። ኢቦኒ በአየር ለውጥ በቀላሉ የመሰንጠቅ ባሕርይ አለው። ሻጩ «ኢቦኒ» ካላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በጽሑፍ አስነግሩት።

ቦክስውድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፍሉቶች እንጨት ነው። ቢጫ፣ ከግሬናዲላ ቀለል ያለ፣ ለመቅረጽ ደስ የሚል። ችግሩ መጣመሙ ነው። የድሮ ሙዚቃ በድሮ መሣሪያ ለሚጫወት ሰው ካልሆነ አልመክርም። ኮከስ የሚባለውን የጃማይካና የኩባ እንጨት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሠሪዎች በጣም ይወዱት ነበር፤ ዛሬ በአሮጌ መሣሪያ ላይ ካልሆነ አታገኙትም።

አየሩ

እንጨት የሚሰነጠቀው ውስጡና ውጪው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ትንፋሻችሁ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ቱቦው ከውስጥ ያብጣል። ውጪው ደግሞ በደረቅ አየር ይኮማተራል። ሁለቱ ሲጓተቱ እንጨቱ መስመሩን ተከትሎ ይከፈታል፣ በተለይ የራስ ክፍሉ ላይ። አንዳንድ ራሶች ውስጣቸው በብረት ቱቦ የተለበጠ ነው፤ ብረቱ አይኮማተርም፣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ መጨረሻው ይታወቃል።

አዲስ አበባ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቀኑ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሂተር ስለሚሠራ የቤታችሁ አየር ከበረሃ አይሻልም። ዱባይ ወይም ዶሃ ያላችሁ ከኤሲው ወደ ውጪው ወበቅ፣ ከወበቁ ወደ ኤሲው ትመላለሳላችሁ፤ ለእንጨት ከደረቅ አየርም የከፋው ይህ ምልልስ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሆናችሁ እንጨት ከፈለጋችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰውነቷ ግሬናዲላ፣ ራሷ ብረት ወይም ሰው ሠራሽ የሆነች መግዛት ነው፤ በጣም የሚሰነጠቀውን ክፍል ከጨዋታ ታስወጣላችሁ። ሁለተኛው ሳጥኗ ውስጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያና እርጥበት መስጫ አስቀምጦ ከ40 እስከ 60 በመቶ ማቆየት ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡ የድሮ ሰዎች አሉ። ይሠራል፣ ግን ይሻግታል። መለኪያው ርካሽ ነው፣ ግዙት።

መኪና ውስጥ አትተዋት። ይህንን አላብራራም።

ከብርድ ስትገቡ ወዲያው አትንፉ። ብብታችሁ ሥር ወይም ኮታችሁ ውስጥ አድርጋችሁ አሙቋት። የቀዘቀዘች ፒኮሎ ቅኝቷም ዝቅ ስለሚል ለራሳችሁም አይመችም።

ቆዳችሁ

ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። የዳልበርጂያ እንጨቶች በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ አለርጂ የሚቀሰቅስ ኬሚካል በተፈጥሯቸው አላቸው። ኮኮቦሎ በዚህ ስሙ የታወቀ ነው፣ ሮዝውዶቹም ይከተላሉ፣ ኮከስም እንደዚያው፣ ግሬናዲላም አልፎ አልፎ። ከንፈር ሥር መቅላት፣ ማሳከክ፣ ቁስል ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኮኮቦሎ ወይም ኪንግውድ ካማራችሁ ራሷን ከሌላ እንጨት ወይም ከሰው ሠራሽ ቁስ አሠሩ፣ ሰውነቷ ብቻ ያማረው ይሁን። በርካሽ ጌጥ ጆሯችሁ የሚቆስል ከሆነ ደግሞ ኒኬል ስለማይስማማችሁ ተቃራኒውን አድርጉ፦ የብረት ከንፈር ማሳረፊያ ትታችሁ እንጨት ወይም በወርቅ የተለበጠ ውሰዱ።

ወረቀቱ

ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 2017 ጀምሮ የዳልበርጂያን ዝርያዎች በሙሉ ቁጥጥር ሥር አስገባ። ግሬናዲላም አብሮ ገባ። ሙዚቀኞች ጮኹ፣ ድንበር ማለፍ ራስ ምታት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 26 ቀን 2019 ወዲህ ግን ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ክፍሎቻቸው ነፃ ሆነዋል። ያልተሠራ ጥሬ እንጨት አሁንም ፈቃድ ይፈልጋል። የብራዚል ሮዝውድ ለብቻው ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጣም ጥብቅ በሆነው መዝገብ ላይ ስላለ ከእሱ የተሠራ አሮጌ መሣሪያ ይዞ መጓዝ ከባድ ነው። ለማንኛውም የእንጨቱ ዓይነት የተጻፈበትን ደረሰኝ አትጣሉ።

እጃችሁ ላይ ስትገባ

መስመሩን ተመልከቱ። በብርሃን ሥር ከራስ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የእንጨት መስመር ትፈልጋላችሁ። መስመሩ አግድም ቆርጦ ከወጣ፣ ወይም በመንፊያው ቀዳዳ አጠገብ አንጓ ካለ፣ ይቅርባችሁ። በጣም ጥቁርና አንድ ወጥ የሆነ ቀለም አያስደስታችሁ፤ ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ነው። ቀለሙ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ግን የተሞላ ስንጥቅ ሊደብቅ ይችላል።

ያገለገለች ከሆነች መጋጠሚያዎቹን፣ የመንፊያውን ቀዳዳና የጣት ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በትንሽ ባትሪ ፈትሹ። የራሷን ክፍል ለብቻ አውጥታችሁ ታችኛውን ጫፍ በመዳፍ ድፈኑ፣ መንፊያውን በከንፈራችሁ ሸፍናችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ። አየሩ ተስቦ ከንፈራችሁ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ደህና ነው። ከለቀቀ የሚያሾልክ ቦታ አለ፦ ወይ የራሷን ላይኛ ጫፍ የሚደፍነው ቡሽ፣ ወይ ስንጥቅ። በደንብ የተጠገነ ስንጥቅ ያለባት ፒኮሎ የግድ መጥፎ አይደለችም፣ ዋጋዋ ግን መውረድ አለበት። ስንጥቁ የጣት ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ እኔ አልነካትም።

ሁለት ወይም ሦስት ፒኮሎ ስታወዳድሩ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ጓደኛችሁ ይንፋላችሁ፣ ስሟን ሳይነግራችሁ። እናንተም ስትነፉ ዝቅተኛዋን የዲ ኖታ በለሆሳስ፣ ከዚያ ሦስተኛው ኦክቴቭ ላይ ያሉትን ኢ እና ጂ ሻርፕ ደግሞ ድምፁን በጣም ቀንሳችሁ ሞክሩ። ደካማ ፒኮሎ የምትጋለጠው እዚያ ነው። ጮክ ብሎ መንፋት ሁሉም ትችላለች። በዚህ ፈተና ያለፈችው ከየትኛው እንጨት እንደሆነች አሁን ጠይቁ።

አዲስ እንጨት ከገዛችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን 10 ወይም 15 ደቂቃ ብቻ ንፉ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ በየመሀሉ አውጥታችሁ ጥረጉ። ዘይት ስለመቀባት ሠሪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ የእናንተዋን የሠራው ያለውን ብቻ አድርጉ። ቀቡ ካላችሁ ጠብታው ፓዶቹ (ከቁልፎቹ ሥር ያሉት ለስላሳ መድፈኛዎች) ላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ፤ ዘይት የነካው ፓድ ይጣበቃል፣ ፓድ ማስቀየር ደግሞ ከዘይቱ ብዙ እጥፍ ያስወጣል።